የመምህር ስምንት ላም

ነጌሌ ቦረና ገብቶ «የመምህር አምሀ ጉግሳ ቤት የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ቀኑን ሙሉ ሲንከራተት ይውላል። «መምህር ስምንት» ያለ እንደሆነ ግን ባጃጅ ነጂው ራሱ በር ድረስ ወስዶ ያወርደዋል። ስሙን ያወጡት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ተማሪ ደግሞ ስም ሲያወጣ ምሕረት አያውቅም። አምሀ ዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ ሲያስተምር ጠመኔ ያነጣው ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀስሮ «ስምንት ካልሞላ እንቅልፍ የለም!» ማለት ይወዳል። ይህችን ነገር ከሰማንያዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሳይታክት ብሏታል። አባት የተማረባትን ልጅ መጥቶ ሲሰማት፣ ቤት ገብተው አብረው ይስቁባት ነበር።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ሶዲየም ለምን ውሃ ሲነካ እንደ እብድ ይሮጣል? ኒዮን ለምን ከማንም ጋር አይገጥምም? ክሎሪን ለምን ያገኘውን ሁሉ ይተናኮላል? መልሱ አንድ ነው፤ በውጨኛው ሼል ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ስንት ናቸው? ስምንት የሞላለት ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ያልሞላለት ወይ ይሰጣል፣ ወይ ይቀበላል፣ ወይ ከሌላው ጋር ይጋራል። አምሀ ይህን ሲያስረዳ ከብት እያገደ ያደገ ልጅ ሳይቀር ይገባው ነበር። በተለይ ከብት እያገደ ያደገ ልጅ። ምክንያቱም አምሀ ይህን ማስተማር የተማረው ከኮተቤ አይደለም፤ ከተማሪው ከጃታኒ ነው።

አምሀ የካምፕ ልጅ ነው። አባቱ ሃምሳ አለቃ ጉግሳ ከጎንደር መጥተው ነጌሌ ጦር ሰፈር ውስጥ ነው የወለዱት። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን ሃምሳ አለቃው በሞያሌ በኩል ወጡ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም። እናቱ ወይዘሮ የዓለምወርቅ «ይመጣል» እያሉ ከነጌሌ አልነቃነቅ ስላሉ፣ አምሀም ትምህርቱን ጨርሶ እናቱ ዘንድ ተመለሰ። ኦሮምኛ ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን የገበያና የሰላምታ ነው። የከብት ኦሮምኛ አያውቅም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጃታኒ ዘጠነኛ ክፍል ገባ፤ ዕድሜው ሃያ ሦስት ነበር። ከሊበን ገጠር ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ፣ ጢሙ ያቀመቀመ ጎልማሳ ነው። እግሩ ከዴስኩ ሥር አልገባ ስለሚለው የኋላ ወንበር ላይ በጎን ይቀመጣል። አምሀ ራሱ ገና ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ማስታወሻውን ከደረቱ ጋር አጣብቆ የሚያነብ ጀማሪ መምህር። አንድ ዕለት ሰሌዳው ላይ ክበብ በክበብ ላይ እየሳለ «ሁለት፣ ስምንት፣ አንድ» ሲል ክፍሉ በሙሉ ያዛጋ ነበር። ጃታኒ ከኋላ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ሶዲየም አሥራ አንድ አለው አሉን። ታዲያ አሥሩን ትተው የአንዷን ወሬ ብቻ ለምን ያወራሉ?»

አምሀ ማስታወሻውን ገለጠ። ማስታወሻው ውስጥ «ውጨኛዎቹ ናቸው የሚሳተፉት» ይላል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይልም። ሲንተባተብ ጃታኒ ራሱ ትንሽ አሰበና ድንገት ፊቱ በራ።

«ቆይ! ፎራ ነዋ!»

ግማሹ ክፍል «አአአ!» አለ። የካምፑ ልጅ ብቻ አልገባውም። ጃታኒ ቆሞ ያስረዳው ጀመር። «እኛ ዘንድ ከብት ሁለት ቦታ ነው የሚውል፣ መምህር። ጥጃውና የምትታለበዋ ላም ቤት አጠገብ ይቀራሉ፤ ወራ እንላቸዋለን። የቀረው ሩቅ ይሄዳል፤ እሱ ፎራ ነው። በሰው የውሃ ጉድጓድ የሚጋፋው፣ ከሌላው ከብት የሚቀላቀለው፣ ጠብም ዕርቅም የሚያመጣው ፎራ የወጣው ነው። ቤት የቀረውን ማን ያየዋል?»

«ሶዲየምስ አንዷን ለምን ይሰጣል?» አለ አምሀ፤ አሁን ተማሪው እሱ ሆኗል።

«ለአንዲት ላም እረኛ ማን ይልካል? ሰባት ኖሮት ስምንተኛዋ ለጎደለችው ይሰጥና ያርፋል። ቤት የቀረው እንደሆነ ሙሉ ነው። ስምንት እኮ ሙሉ ነው፤ የገዳ ሥልጣንም የሚለዋወጠው በስምንት ዓመት አይደል?» ከዚያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ዓይኑን አጥብቦ አየ። «ሊቲየምና ፖታሲየምም ፎራ የላኩት አንድ አንድ ከሆነ፣ ጠባያቸው የሶዲየም ነው ማለት ነው።»

አምሀ በደስታ የሚገባበት ጠፋው። በማግስቱ ከቤተ ሙከራው ቁም ሳጥን ነጭ ጋዝ ውስጥ የተዘፈዘፈችውን የትምህርት ቤቱን ብቸኛ ሶዲየም አወጣ፤ በቢላ እንደ ቅቤ ቆርሶ የሽምብራ ፍሬ የምታህለዋን ሳፋ ውሃ ላይ ጣላት። እየተንጫጫች ሳፋውን ስትዞረው፣ ቢጫ እሳት ስትተፋ፣ ተማሪው ወደ በሩ ተጋፋ። ጃታኒ ብቻ ሳይነቃነቅ «ያቺን አንዷን ልትሰጥ ነው የምትሮጠው» አለ።

ያን ሳምንት ስለ መስጠትና መቀበል ተማሩበት፤ ሶዲየም ይሰጣል፣ ክሎሪን ይቀበላል፣ ጨው ይሆናሉ። በሚቀጥለው ሰኞ የሚመጣው ትምህርት መጋራት ነበር፤ ሁለቱም የጎደላቸው ሲገናኙ፣ ማንም ለማንም ሳይሰጥ፣ አንዷን ጥንድ ሁለቱም የእኔ ብለው የሚቆጥሩበት። ሰኞ የጃታኒ ወንበር ባዶ ሆነ። አባቱ ሞተው ከብቱ ሰው አልባ ቀርቶ ነበር። አምሀ ያንን ትምህርት ካለ ጃታኒ አስተማረ፤ እንደ ሌላው መምህር ሁሉ ከማስታወሻው እያነበበ።

ጃታኒ ትምህርቱን ተወ እንጂ መምህሩን አልተወም። ገበያ በመጣ ቁጥር ደጁን ሳይረግጥ አይመለስም። ዘጠና አንድ ላይ የአምሀ ሚስት ወለላ ረሆቦትን ስትወልድ በጠና ታመመች፤ ጡቷ ደረቀ። ሕፃኗ ሌት ተቀን ታለቅሳለች፤ የዱቄት ወተት ከአዋሳ እስኪመጣ ሳምንት ያልፋል፣ ሲመጣም ያልቃል። ጃታኒ ይህን ገበያ ላይ ሰማ። በአራተኛው ቀን ግራጫ ላም ከነጥጃዋ እየነዳ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«አካም፣ መምህር! ናጋ?» አለ እያለከለከ። «ዳሌቲ ትባላለች። ልጅቷ ትጠጣ።»

አምሀ ምን ይበል? አለቀሰ። ጃታኒ የገመዱን ጫፍ በአምሀ እጅ አስያዘውና እሱም መሐሉን ይዞ ምርቃቱን ጀመረ፤ «ሆራ፣ ቡላ» እያለ፣ ተዋለዱ፣ ኑሩ እያለ። ምርቃቱ ካለቀ በኋላም ገመዱን ለመልቀቅ ዘገየ። አምሀ ያኔ ሰውየው የደከመው መሰለው።

ረሆቦት በዳሌቲ ወተት ነፍስ ዘራች። ወለላም ዳነች፤ ማለብ ተማረች፤ ጓሮው የከብት ጓሮ ሆነ። ጃታኒ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ሰላምታው እንዳለቀ በቀጥታ ወደ ጓሮ ነው። የዳሌቲ ቀኝ ጆሮ ጫፉ ላይ ከተፈጥሮዋ ትንሽ ስንጥቅ ነበረች፤ እሷን በአውራ ጣቱ እያሻሸ በኦሮምኛ ያወራታል። ሴት ጥጃ ስትወለድ የሚያየው ጆሮዋን ነው። ስሟንም የሚያወጣው እሱ ነው። የዳሌቲን ልጅ ቡሬ አላት፤ የቡሬን ልጅ ደግሞ በአያቷ ስም ዳሌቲ። ሦስቱም ቀኝ ጆሯቸው ስንጥቅ ነበር። ወንድ ሲወለድ «እሱን ሽጡት፣ መምህር፤ ለድካማችሁ ነው» ይላል።

አምሀ እንዲህ ያለ ደግ ሰው አይቶ አያውቅም ነበር። ሰው የሰጠውን ሀብት እንዴት እንዲህ ይወደዋል? ሽጡት ብሎ የሚፈቅደውስ የራሱ ያልሆነውን እንዴት ነው? ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። አልጠየቀም። ያልጠየቀው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የገባው ስለመሰለው ነው። እንዲያውም ነገሩን ክፍል ውስጥ ምሳሌ አደረገው። በየዓመቱ ሶዲየም ጋ ሲደርስ ጠመኔውን ያስቀምጥና «አንድ ወዳጅ አለኝ» ብሎ ይጀምራል። «ልጄ ስትራብ ላሙን ሰጠኝና ሄደ። ሶዲየም ማለት እሱ ነው። ይሰጣል፣ አለቀ!»

የከተማው ልጆች ይስቃሉ። ከገጠር የመጡት ቦረናዎች ግን አንገታቸውን ደፍተው እርስ በርስ ይተያያሉ። አንድ ዓመት አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ መልሶ አወረደው። አምሀ ዓይን አፋርነት መሰለው።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። አንድ ወቅት ቀረ፣ ሁለተኛው ቀረ፤ በ2014 ሊበን ምድሩ አመድ ሆነ። የአይሱዙ ነጂዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ የወደቀው ከብት ሽታ መስኮት ዘግተው እንዳስነዳቸው ያወሩ ነበር። ነጌሌ ውስጥ አንድ እስር ድርቆሽ ለሰው ከሚገዛው እህል ተወደደ። የዚያን ዓመት ሐምሌ ረሆቦት ከአዋሳ በፋርማሲ ተመረቀች።

«ድግስ አይቀርም» አለች ወለላ። «ድርቆሹንም ከእንግዲህ አንችለውም። እንሽጣቸው?»

አምሀ ጓሮ ወጥቶ፣ አሮጊቷ ዳሌቲ ከሞተች በኋላ የቀሩትን ቡሬንና ትንሿን ዳሌቲን አያቸው። ልጅቷን ያሳደጋት የእነሱ ወተት ነው፤ ምርቃቷንም እነሱ ይደግሱላት፤ ከዚህ የሚያምር ነገር የለም ብሎ አሰበ። ይህን ያሰበበትን ሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ረገመው። ጃዋር የሚባል የፊልቱ ነጋዴ መጥቶ ሁለቱንም መኪና ላይ ጫናቸው። ድግሱ ደመቀ። ረሆቦት በጥቁር ጋዋን የተነሣችው ፎቶ ተለቅ ተደርጎ ሳሎን ተሰቀለ።

ጃታኒ በጥር መጣ። አምሀ በሩን ሲከፍት ለቅጽበት አላወቀውም ነበር፤ ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ሽርጡ አቧራ ለብሷል። በግራ ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ገመድ አንግቧል።

«አካም፣ መምህር። ናጋ?»

«ናጋ! ግባ፣ ግባ እንጂ! ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው?»

ጃታኒ ተቀመጠ። ውሃ ተሰጠው፤ ቀስ ብሎ ጠጣ። «ልጄ ወንድ ልጅ ወለደ» አለ። «አያት ሆንኩ።»

«እንኳን ደስ አለህ!»

«ከብቱ አለቀ፣ መምህር። ፎራ የሄደውም፣ ቤት የነበረውም። አንድ አልቀረም።» ይህን ያለው በጣም ዝግ ባለ ድምፅ ነው፤ ወዲያው ግን ቀና አለ። «ቡሬና ዳሌቲ ደኅና ናቸው?»

አምሀ፣ ያ ሞኝ፣ ወዳጁን ሊያጽናና ፈገግ አለ። እጁን ይዞ አስነሣውና ፎቶው ሥር ወሰደው። «እየው እንግዲህ። እነሱ ናቸው ያስመረቋት። ሐምሌ ላይ ሸጠን ደገስንላት። ያንተ ወተት ነው ይህን ሁሉ ያደረገ።»

ጃታኒ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየው። ወለላ ሻይ ይዛ ስትገባ እዚያው ቆሞ ነበር። «ጥሩ አድጋለች» አለ በመጨረሻ። «ወተቱ ሥራውን ሠርቷል።» ሻዩን አልጠጣም። ከትከሻው ሊወድቅ ያለውን ገመድ አስተካክሎ፣ ሁለቱንም እንደ ወትሮው መርቆ ወጣ። በጓሮው በኩል ሲያልፍ ወደ ባዶው በረት አልዞረም። አምሀ ሊሸኘው ወጥቶ «ገመዱ ለምንህ ነው?» ሲል ጠየቀው። «መንገድ ላይ ይጠቅማል» አለ ጃታኒ።

ሳምንት ሳይሞላ አምሀ ክፍል ውስጥ ሶዲየም ጋ ደረሰ። ጠመኔውን አስቀመጠ። «አንድ ወዳጅ አለኝ» ብሎ ጀመረና ዘንድሮ ጨመረበት፤ ወዳጁ በቀደም መጥቶ የልጅቱን ፎቶ እንዳየ፣ ደስ እንዳለው፣ ምስኪን ከብቱ እንዳለቀበት። ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች ጠለሶ የምትባል ተማሪ ከወንበሯ ተነሣች። ጭምት ልጅ ናት፤ ተጠርታ እንኳ የምትናገረው በግድ ነው።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ገመድ ይዞ ነበር?»

«አዎ። ምነው?»

ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ላሚቱ ስጦታ አይደለችም፣ መምህር። ደባሬ ናት። ወተቱ የእርስዎ ነው። ላሚቱና ሴት ልጆቿ ግን የእሱ ናቸው። እኛ ዘንድ ከብት ያለው ሰው በየወዳጁ ቤት አንዳንድ ያስቀምጣል። ድርቅ መጥቶ የራሱ ሲያልቅ እነሱን ይዞ እንደገና ይነሣል። ሊወስዳቸው ነው የመጣው።»

አምሀ ዴስኩን ተደገፈ። «ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

ጠለሶ መሬት መሬት እያየች «ወንድሜም እርስዎ ጋ ነው የተማረው፤ ቤት መጥቶ ነግሮን ነበር» አለች። «መምህርን ማን ያርማል?»

አምሀ ማስታወሻው ላይ አቀረቀረ። ወረቀቱ ከዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል። ቀጣዩ ገጽ ላይ ሁለት የክሎሪን ምልክቶች አሉ፤ በመካከላቸው ሁለት ነጠብጣቦች። ሥራቸው በራሱ እጅ፣ በሃያ አምስት ዓመቱ የጻፈው አለ፤ «አልተሰጠም፤ ሁለቱም ይቆጥሩታል።» ይህንን ስንት ጊዜ አስተምሮታል? ጃታኒ ያን ሰኞ ክፍል ውስጥ ቢኖር ኖሮ ከኋላ ተነሥቶ «ደባሬ ነዋ!» ይል እንደነበር አሁን አወቀው። ተማሪዎቹን አሰናብቶ ባዶው ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀመጠ።

ለወለላ ሲነግራት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ታዲያ ለምን አልነገረንም?»

«ስላልጠየቅነው» አለ አምሀ። «የምናውቅ መስሎት ነዋ። እኔ እኮ መምህር ነኝ።»

በማግስቱ ፊልቱ ወረደ። ነጋዴው ጃዋር ጨዋ ሰው ነው፤ ደብተሩን ሳያይ አስታወሳቸው፤ ጆሯቸውን እንኳ አስታወሰ። «በዶሎ ኦዶ በኩል ወጥተዋል፣ አያ መምህር። ስድስት ወር አለፈኮ። እንኳን ላሞቹ ቆዳቸውም የለ።» አምሀ ያንን ሁሉ መንገድ ተመለሰ። ከዚያ ከገበያ ገበያ መዞር ያዘ። ድርቁ ጊደር አላስተረፈም፤ የተረፈውንም ባለቤቱ አይሸጥም። ዝናቡ መጋቢት ላይ ከመጣ በኋላ ነው ያለ የሌለውን አሟጦ አንዲት ግራጫ ጊደር ያገኘው። ግራጫ ካልሆነች ብሎ ሁለት ቀይ ጊደሮች አልፏል።

ጊደሯን አይሱዙ ላይ አስጭኖ ወደ ሊበን ገጠር ተነሣ። መንገዱን ሁሉ የሚለውን ይለማመድ ነበር። በአማርኛ ቢናገረው ሽሽት ይመስልበታል፤ በኦሮምኛ ነው የሚለው። ነን ጉርጉሬ። ሸጥኳቸው። አላወቅኩም፣ ሸጥኳቸው፣ ይቅር በለኝ። ጃታኒ ይቅር ቢለውም ባይለውም ግድ የለውም፤ ብቻ ዓይኑን እያየ ይበለው።

ከብታቸው ያለቀባቸው ሰዎች መንገድ ዳር በላስቲክና በጨርቅ ጎጆ ቀልሰው ሰፍረዋል። የጃታኒን ቤት ጠየቀ። ሰዎቹ እየመሩ ወሰዱት። የጃታኒ ሚስት ዳኪ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጨቅላ ልጅ ታቅፋለች። አምሀን ስታይ ተነሣች፤ እሱም ገና ፊቷን እንዳየ የሆነውን አወቀ።

«ሦስት ሳምንት ሆነን ከቀበርነው» አለች በኦሮምኛ። «ከተማ ደርሶ ሲመለስ ደረቱን ያዘው። ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።»

አምሀ መሬት ላይ ተቀመጠ። የተለማመደው ቃል አፉ ውስጥ ቀረ። ዳኪ አጠገቡ ተቀምጣ ታጽናናው ጀመር፤ እሱ ሊያጽናናት ሲገባ።

«ስለ አንተ ነበር የሚያወራ» አለችው። «ባዶ እጁን ሲመጣ፣ ላሞቹስ? አልነው። ደኅና ናቸው አለን። ቡሬ አርግዛለች፤ ዳሌቲም ጊደር አለቻት፤ ያን ሁሉ መንገድ በርሃብ ከምነዳቸው መምህር ዘንድ ይቆዩ፤ ዝናብ ሲጥል እሱ ራሱ ያመጣልናል አለን። አንተ ሰው ነህ፤ አመጣህልን።» ጨቅላውን ወደ አምሀ ዘረጋችው። «ይሄ ልጅ ስም ያልወጣለት ይህችን ጠብቀን ነው። ወንድ ልጅ ስም ሲወጣለት ጊደር ይሰጠዋል፤ ሀንዱራ እንላለን፣ የእትብቱ ከብት። ዳሌቲ የጃታኒ የእትብቱ ዘር ነበረች። ለልጅ ልጄ ከእሷ ዘር ውጪ አልሰጥም ብሎ ነው የሞተ።»

አምሀ ሕፃኑን ታቀፈ። ነን ጉርጉሬ ሊል አፉን ከፈተ። ጃታኒ ባዶ ገመድ ተሸክሞ ሁለት ቀን በእግሩ ሲመለስ፣ ይህን ውሸት መንገድ ላይ ሲሠራ ታየው፤ የመምህሩ ስም በእሱ ቤት በክፉ እንዳይነሣ ብሎ። አሁን እውነቱን ቢናገር ሟቹን ውሸታም ማድረጉ ነው። ዝም ቢል ደግሞ ልጁ የማይገባውን ዘር የእኔ ብሎ ያድጋል። የሚያማክረው ሰው አልነበረም። ሊያማክረው የሚፈልገው ሰው ከጎጆው ኋላ ድንጋይ ተቆልሎበት ተኝቷል።

ጊደሯን ከመኪናው አወረዷት። ዳኪ ከጎጆው ምሰሶ ላይ ገመድ ፈታች፤ አምሀ ገመዱን አወቀው። ሄዳ የጊደሯን አንገት ዳሰሰች፣ ሻኛዋን ዳሰሰች፤ ከዚያ እጇ ባሏ ለዓመታት ያደርግ እንደነበረው ወደ ቀኝ ጆሮዋ ሄደ። አውራ ጣቷ ጫፉን ፈለገ። ጆሮው ሙሉ ነበር። እንደገና ፈለገች። እጇ እዚያው ቀረ፤ ጀርባዋን ለአምሀ ሰጥታ ብዙ ቆመች። ጎረቤቶቹ ዙሪያውን ከበው ምርቃቱን ይጠብቃሉ።

ስትዞር ዓይኗ ርሷል፤ ድምፅዋ ግን አልተለወጠም። ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ ተናገረች።

«ይህቺ እንኳ በጆሮዋ አባቷን መስላ ወጥታለች፤ አይደል፣ መምህር?»

አምሀ ሕፃኑን እንደታቀፈ ቀና ብሎ አያት። «አዎ» አለ። «አባቷን ነው የመሰለችው።»

ዳኪ የገመዱን ጫፍ በእጁ አስያዘችውና እሷም መሐሉን ይዛ መመረቅ ጀመረች። «ሆራ፣ ቡላ» ስትል ሕዝቡ ተቀበላት። አምሀ ፊቱን ወደ አይሱዙው አዙሮ አለቀሰ፤ ዳኪም ለምን እንደሚያለቅስ አልጠየቀችውም።